ለብቻ የሚዋጥ

የቡሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገደፋው ለብቻው ጎርሶ አያውቅም። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወርደው መንገድ ዳር ነውና ጤፍ ጭኖ የሚወጣው፣ ባዶ አህያ እየነዳ የሚመለሰው፣ ሁሉም በደጁ ነው የሚያልፈው። ገደፋው ታዲያ ገበታ ቀርቦ ሳለ የሰው ኮቴ ከሰማ እጁን ይሰበስብና "ማነህ አንተ! ግባ እንጂ፣ እንብላ!" ይላል። አላፊው "ብሉ፣ ብሉ፣ አሁን በላሁ" ቢል ማን ሊሰማው! ወጥቶ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያስገባዋል። ሚስቱ ያይኔአበባ፣ "የሰው ቤት በር መግቢያና መውጫ ነው፤ የእኛ መግቢያ ብቻ ነው" እያለች ትቀልድበታለች።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የምትለዋን ተረት ከአባቱ ነው የወረሳት። መሬቱንማ ደርግ ለሁሉም እኩል ሸንሽኖ አካፍሎታልና፣ ማንም ሳይነካበት የቀረችው ውርስ ይህችው ተረት ናት ማለት ይቻላል። ንፉግ ከሚሉት ሌባ ቢሉት ይመርጣል። "ሌባስ ተደብቆ ነው የሚሰርቅ" ይላል፤ "ንፉግ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ነው የሚጎርስ። እንዴት ያለ የዓይን ድርቅና ነው!"

በጥር፣ በሠርጉ ሰሞን፣ ለጎረቤቱ ለሙጬ እህት ድግስ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ሾልኮ ቅልጥሙን መታው። ሰው ደሙን አይቶ ሲደነግጥ "ኧረ ተዉ፣ ቆዳ ነው" አለና ቅጠል ጠፍጥፎ በጨርቅ አስሮ ሥራውን ቀጠለ። ሠርጉንም እስክስታ ወርዶበት አለፈ። ቁስሉ ግን እንደ ባለቤቱ ቸር ነበርና ለእግሩ ሁሉ ተዳረሰ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ በእብጠት ጠፋ፤ ቀጥሎ ቅልጥሙ ፍም መሰለ፤ መቅላቱም ሽቅብ ወደ ጉልበቱ መውጣት ጀመረ። ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ያየችው ያይኔአበባ ነገር አላበዛችም። በበቅሎ ጭና ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረሰችው።

ጤና ረዳቷ ሲሳይነሽ የምትባል የደምበጫ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷ ከመርፌዋ የማይተናነስ። ጨርቁን ፈትታ ቁስሉን አየችና ቀና ብላ ገደፋውን አየችው።

"እስካሁን የት ነበሩ?"

"ሠርግ ነበረብን ልጄ።"

"እግርዎም ደግሶ ጠብቆኛል።"

መግሉን ስትጨምቀው ገደፋው የማያውቃቸውን ታቦታት ሳይቀር ጠራ። ካጠበችና ካሰረች በኋላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። "እዚህ ቁስል ውስጥ በዓይን የማይታይ ተባይ ገብቶ እየተራባ ነው። እኛ ባክቴሪያ እንለዋለን። ይኸ የምሰጥዎት እሱን የሚገድል ነው። ከዚህ በፊት መድኃኒት ውጠው ወይ ተወግተው ገላዎ ሽፍ ብሎ፣ አሳክኮዎት ያውቃል?"

"ኧረ እኔ መድኃኒት የሚባል ቀምሸም አላውቅ።"

ቀይና ጥቁር የሆኑ፣ የሚያብረቀርቁ እንክብሎች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። "ዶሮ ሲጮኽ አንድ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አንድ፣ ከብት ሲገባ አንድ፣ ሲተኙ አንድ። እህል ሳይቀምሱ፣ በብዙ ውሃ። አረቄ የለም። እግርዎ ቢሻልዎትም እስኪያልቅ ድረስ አያቋርጡ። ደግሞ ለእርስዎ ብቻ ነው።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በእኛ አገር ሰው ሲጋበዝ "ይኸማ ለአንተ ብቻ የቀረበ ነው" ይባላል፤ አክብሮት ነው፣ አይበቃም ብለህ አትሳቀቅ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተጋባዡ ያለውን ለሰው ሁሉ ቢያጎርስ ጋባዡ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። ገደፋውም "ለእርስዎ ብቻ ነው" ስትለው ደረቱ ሞላ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለ በልቡ። አመስግኖ፣ መርቆ፣ ወረቀቱን በኪሱ ከቶ ወጣ።

ታሞ መምጣቱ በተሰማ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሊጠይቀው መጣ። ከብት በሚገባበት ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የነፍስ አባቱ ቄስ ክንፈሚካኤል በክብር ቦታ ተቀምጠዋል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአጠገባቸው፤ ሙጬ ከበሩ ዘንድ፤ አሮጊቷ እትየ አደይ ከምድጃው ዳር። ያይኔአበባ ውሃ በቅል ይዛ መጣችና "ሰዓቱ ደርሷል" አለችው። ገደፋው ወረቀቱን ፈታ፤ አንዷን እንክብል መዳፉ ላይ አኖረ። ጨዋታው ቀጥ አለ። ዓይን ሁሉ መዳፉ ላይ ሆነ።

ወይ ጭንቅ! እጁን ወደ አፉ ሊያነሳ ሞከረ፤ እጁ እንቢ አለ። እንዴት ተደርጎ? አባ ተቀምጠው፣ እትየ አደይ ተቀምጠው፣ ገደፋው የወርቄ ልጅ ለብቻው ሊውጥ? ላብ አሰመጠው።

"እንኩ አባ" አለና ዘረጋ፤ "ይባርኩልኝና አንድ ይቅመሱ።"

ቄስ ክንፈሚካኤል ጥርሳቸውን ካመማቸው ሰንብቷል። "እኔን አላመመኝም ልበል?" አሉና እየሳቁ ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! ሊቀመንበሩ አንገቱ ላይ ብጉንጅ ነበረበት፤ "ትክክል ነው ጓድ ገደፋው፣ ለግል ማከማቸት የቡርዧ ጠባይ ነው" ብሎ ተቀበለ፤ በኋላ ሲሰማ እንክብሏን ከፍቶ ዱቄቷን ብጉንጁ ላይ ነሰነሳት አሉ። እትየ አደይ ለክፉ ቀን ብለው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሙጬ ምንም አላመመውም፤ ግን ከሰው ማነስ የለበትም፣ ለትናንቱ ጠላ ብሎ ዋጠ። ያይኔአበባ በዓይኗ ብትጠቅሰው፣ ብታስል፣ ቅሉን ብታንኳኳ፣ ገደፋው ዞሮ አላያትም። "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" እያለ ያድላል።

በማግሥቱም እንዲያው ሆነ። ከዚያም ወዲያ። አንድ ነጋዴ ለበቅሎው ጀርባ ቁስል ሳይቀር ይዞ ሄደ። የሚያስቀው ደግሞ ገደፋው የቀመሳት ጥቂቷም ሠርታለት ነበር። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። እንግዲህ ድኛለሁ፣ ለማን ልሰስት አለና የቀረችውን ጠራርጎ አደላት፤ ወረቀቱም ባዶ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ ተመለሰ። አመጣጡም እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ የተቀየመ ዘመድ አመጣጥ ነበር። መቅላቱ ጉልበቱ ሥር ደረሰ። ገደፋው እግሩን ሰው እንዲነካው ቀርቶ ዝንብ ብታርፍበት የሚጮኽ ሆነ። ያይኔአበባ እያለቀሰች ዳግመኛ በቅሎዋን ጫነች።

ሲሳይነሽ እግሩን አይታ ግራ ገባት። "እንዴ! ጥሩ መድኃኒት ነበር እኮ የሰጠሁዎት። ጨርሰውታል?"

"ኧረ በደንብ አልቋል።"

"ዶሮ ሲጮኽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እንዳልኩዎት ዋጡ?"

"እኔ እንኳ ጥቂት ነው የቀመስኩ። ግን እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ስንቱ ነው የመረቀሽ! አባም፣ ሊቀመንበሩም፣ እትየ አደይም..."

ሲሳይነሽ በቁሟ ቀረች። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ቀጥሎ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አባቴ፣ ይኸ ድፎ ዳቦ አይደለም። የሰጠሁዎት ልክ የእርስዎን ተባይ እስከ መጨረሻው የሚገድል ነው። ጥቂት ሲቀምስ ደካማው ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፋል። የተረፈው ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ሌላ ጊዜ ብሰጥዎት ይስቅብዎታል። አሁን እንደ ገና እጀምራለሁ፤ እየወጋሁም እየሰጠሁም። ይኸ አልሠራ ካለና ጉልበትዎን ካለፈ ግን እኔ እጅ የለኝም። ፍኖተ ሰላም ነው የምልክዎት። እዚያ የሚቀበሉዎት ሐኪሞች መጋዝ ያላቸው ናቸው።"

ገደፋው ፈራ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። እግር የሌለው ገበሬ ምንድን ነው? እርፍ ጨብጦ ከበሬ ኋላ የሚሄደው በምኑ ነው? እንግዳ ሲመጣ ብድግ ብሎ የሚቀበለውስ?

ለጥቂት ቀን ጤና ጣቢያው አጠገብ ካሉ ዘመዶቹ ቤት ተኝቶ እየተመላለሰ ተወጋ። መቅላቱ ባለበት ቆመ። ሲሳይነሽ ቀሪውን በወረቀት ጠቅልላ ለገደፋው ሳይሆን ለያይኔአበባ ሰጠቻት። "ከሰው ዘንድ የቀረ ካለ ሰብስበሽ አምጭልኝ፤ ማንም እንዳይውጠው" አለቻት። በመንገድ ላይ ገደፋው በበቅሎዋ ላይ ሆኖ ሲያስብ ቆየና በመጨረሻ አፉን ከፈተ።

"ያይንየ፣ ሰው ሲመጣ ምን እላለሁ?"

"እግሬን እወደዋለሁ በላቸው።"

"ንፉግ ይሉኛል እኮ!"

"ንፉግ ባለ ሁለት እግር ትሆናለህ።"

ልቡ ግን አልተረታም።

ቤት እንደገቡ መጀመሪያ የመጡት ቄስ ክንፈሚካኤል ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ሰላምታ ሳይጨርሱ ጥግ ያዙ። ያይኔአበባ ጠረጠረች።

"አባ፣ ምነው ተሸፈኑ?"

"ምን ልሁን ልጄ! ያ የገደፋው ቀይና ጥቁር ፍሬ ጥርሴን ሳይነካ ፊቴን ነፋው።" ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ፊታቸው ላይ የሽፍታው ጠባሳ ገና አልጠፋም። "ገላየ እሳት ሆነ። ከንፈሬ አብጦ ግእዙ ሁሉ ፉጨት ሆነብኝ። ቅዳሴ ላይ እኔ ስጀምር ዲያቆኑ ሳቁን ሊውጥ ወደ ግድግዳ ዞረ። አሁን ተመስገን፣ ለቆኛል።"

ገደፋው ከሐዘን ይልቅ ድንጋጤ ያዘው፤ የነፍስ አባቱን ሊገድል ኖሯል! ያይኔአበባ ግን ነገር በምሳሌ የምታውቅ የቄስ ልጅ ናት። ጉልበታቸው ሥር ሄዳ ቁጭ አለች።

"አባ፣ ባለፈው ንስሐ ገብቼ ስግደት አዘውኝ ነበር።"

"አዝዣለሁ።"

"ለሙጬ ሚስት ለንግሥቴ ትንሽ ላካፍላት ብየ ነው። ጎረቤቴ ናት፤ ለብቻየ መስገዱ ንፉግነት መስሎ ታየኝ።"

"ምን ሆነሻል አንች ልጅ!" አሉ ቄሱ ተቆጥተው። "ቀኖና በኃጢአቱ ልክ፣ ለሠራው ሰው ነው የሚሰጥ። ንግሥቴ የራሷ የነፍስ አባት የሉዋትም? ካመማት ትሂድና ትናገር፣ በልኳ ይሰጧታል!"

"እሽ። እንግዲያ ግማሹን ስሰግድ ልቤ ቀለል ካለኝ ልተወው?"

"እንዴት ይተዋል! በመንገድ የተተወ ኃጢአት ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ነው የሚመለስ።"

ያይኔአበባ ወረቀቱን ከመቀነቷ አወጣችና በመዳፏ ይዛ አሳየቻቸው። "ሐኪሟ ለገደፋው የሰጠችው ቀኖና ይኸው። ለእግሩ ልክ፣ ለእሱ ብቻ፣ እስኪያልቅ። አባቴ ግማሹን አንቱ ሰገዱለት፤ ይኸው ፊትዎ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው አሉ እንጂ፣ የሰው መድኃኒት ለሰው ነው ያለ ማን ነው?"

ቄስ ክንፈሚካኤል ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ገደፋው የሚያለቅሱ መስሎት ሊነሳ ሲል ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። "ረታሽኝ! በአባትሽ ወንበር መቀመጥ ያለብሽ አንች ነበርሽ።" ወደ ገደፋው ዞሩ፤ "ሰማህ? በሥልጣኔ አዝዤሃለሁ፤ ለብቻህ ዋጥ። ለማንም ብትሰጥ እገዝትሃለሁ።"

ገደፋው ትእዛዙንም ወረቀቱንም ተቀበለ። መቀበልና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ሰዓቱ ሲደርስ "መጣሁ" እያለ ይወጣና ጎተራው ጀርባ ተሸሽጎ ይውጣል። አንድ ቀን ያይኔአበባ ደረሰችበት። ግራ ቀኝ እያየ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ አስግጎ ሲውጥ አይታ ከሳቅ የተነሳ ግድግዳ ተደገፈች። "ንፉግ ከሚሉኝ ሌባ ይበሉኝ ነበር ያልከው? ተሳክቶልሃል!"

እሷው ናት ከዚያ ያወጣችው። እንግዳ በተቀመጠበት ሰዓቱ ሲደርስ ጮክ ብላ "አንድ ጊዜ ዓይናችሁን መልሱለት፣ ገደፋው ቀኖና አለበት" ትላለች። ቀኖና ሲባል ማን ቀና ብሎ ያያል! ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል፤ ገደፋው እንክብሏን ይውጣል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ሲወጡ ግን "ምን ሠርቶ ይሆን?" ይባባላሉ። ወሬው እየተንከባለለ ቡሬ ሲደርስ፣ ደምበጫ የበቀለች ሴት ቄስ መጥታ ገደፋውን ንስሐ አስገባችው ተብሎ ሲሳይነሽ ጆሮ ገባ። እሷም፣ "እኔ ቄስ ከሆንኩ ንስሐ የሚገባ ብዙ ሰው አለ፤ ላኩልኝ" አለች አሉ።

እግሩም ቀን በቀን እየቀለለ ሄደ። እብጠቱ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ዳግመኛ ተወለደ። በዱላ፣ ቀጥሎም ያለ ዱላ እርሻ ዳር መሄድ ጀመረ። ልቡ "ድነሃል፣ ተወው" ባለው ቁጥር የአባን የኃጢአት ዘመድ አዝማድ እያሰበ ይውጣል። ወረቀቱ ውስጥ ገና የቀሩ ነበሩ።

አንድ ማለዳ ታዲያ ሙጬ እየሮጠ መጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል። "አያ ገደፋው! ንግሥቴ ልትሞትብኝ ነው!" አለ። እሱና ሚስቱ ወንበርማ ቆላ አጨዳ ሰንብተው ገና መመለሳቸው ነው። ንግሥቴ ትንቀጠቀጣለች፣ እንደ እሳት ትነድዳለች፣ ትቃዣለች። "ያ ያንተ መድኃኒት ትኩሳትህን እንዴት እንዳጠፋው አይቻለሁ። ጥቂት ብቻ ስጠኝ። አንተማ ድነሃል፣ ይኸው ትሄዳለህ!"

የገደፋው እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። እውነት እላችኋለሁ፣ እጁ ራሱ ነው የሄደው፣ ዕድሜውን ሙሉ የለመደው መንገድ ነውና። ወረቀቱን ነካው። ንግሥቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ሠርጓ ላይ ያረደውን በሬ ያስታውሳል። ለሌላው ጥርስ ያልሰሰታትን ለእሷ ነፍስ ይሰስት? እጁን ከኪሱ ባዶውን አወጣ።

"ሙጬ፣ ወንድሜ፣ አልሰጥህም።"

"ምን?"

"አልሰጥህም። የእሷ በሽታ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። አባን ልገድላቸው ነበር እኮ።"

ሙጬ ወደ ኋላ አለ። ለእህቱ ድግስ እንጨት ሲፈልጥ የቆሰለውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ "ለካ አንተም ንፉግ ነህ!" አለው።

ቃሉ ገባ። ገደፋውን መጥረቢያው እንኳ እንዲያ አላመመውም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀም።

"በል ስደበኝ፣ መንገድ ላይ ትጨርሰዋለህ" አለ። "መድኃኒቴን አልሰጥህም፤ እግሬን ግን እንካ። አልጋውን አውጣ፣ ቡሬ እናደርሳታለን!"

ደጅ ወጥቶ ያን ለእንብላ የለመደውን ድምፁን ለቀቀው። "ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ድረሱ! ንግሥቴን እንሸከም!" የገደፋውን ጥሪ ሰምቶ የቀረ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሲጠራ ሁልጊዜ መልካም ነገር ስለነበረ ይሆናል። ከየእርሻው፣ ከየደጁ ሮጠው መጡ፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ብጉንጁን በጨርቅ ጠምጥሞ መጣ። ንግሥቴን በአልጋ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ አልብሰው አነሷት። ገደፋው ተው ቢሉት አልሰማም፣ የአልጋውን ፊተኛ እግር በተራው ተሸከመ። ሙጬ ከጎኑ ነው፤ አያናግረውም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያይኔአበባ ከኋላ ሆና ቅሉን አቀበለችው። ገደፋው ተራውን ለቆ መንገድ ዳር ቆመ። እንክብሏን ከወረቀቱ አወጣ። ሰው ሁሉ ያያል፤ ሙጬም ያያል፤ ንግሥቴ በአልጋው ላይ ታቃስታለች። ዓይናችሁን መልሱ የሚልለት የለም። ገደፋው አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ዋጠ። እንደዚያች ያለ መራራ ነገር በዕድሜው ወርዶለት አያውቅም። ከዚያ ሮጦ አልጋው ሥር ገባ።

ሲሳይነሽ ንግሥቴን ከማስገባቷ ገደፋውን አየችውና "በዚያ እግር ነው የተሸከሙት?" ብላ ጮኸች። መልስ አልጠበቀችም። ከንግሥቴ ጣት ደም ወስዳ በአጉሊ መነጽር አየችና ተመለሰች። "ወባ ነው፤ ክፉ ወባ። መርፌ እሰጣታለሁ፣ አይዟችሁ፣ በጊዜ ነው የመጣችሁ።"

ሙጬ እጁን እያፍተለተለ፣ "እህት ዓለም፣ ያ የአያ ገደፋው መድኃኒት... እሱን ብሰጣትና ቤት ብትተኛስ ኖሮ?" አላት።

"ያ ለቁስሉ ተባይ ነው፤ ወባን አያውቀው፣ አይነካውም። እናንተ መድኃኒት ሰጠናት ብላችሁ ትጠብቁ ነበር፤ ወባው ግን አይጠብቃችሁም ነበር። እስከ ነገም የምትደርስ አይመስለኝም።"

 ሙጬ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ቁጢጥ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የንግሥቴ ትኩሳት በላብ ወረደ። ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች፤ ቀጥላም "በሬዎቹን ማን አሰማራ?" አለች። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ የሳቀው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሲሳይነሽ "ሌላ በሽተኛ አለብኝ፣ እልልታችሁን ውጭ!" ብላ አስወጣቻቸው፣ እሷም እየሳቀች ነበር።

ገደፋው በጤና ጣቢያው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ ነበር። ሙጬ ወጣ። ፊቱ መጥቶ ቆመ። ከዚያ እንዳለ ወደቀና የገደፋውን ጉልበት አቅፎ ሳመው። ያንኑ እግር ነው ያቀፈው። በሁለት ክንዱ ጠምጥሞ፣ ግንባሩን ቅልጥሙ ላይ ጥሎ፣ "አያየ፣ ምላሴን ይቁረጠው፣ ይቅር በለኝ" እያለ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው።

ገደፋው እንደ ልማዱ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሕመሙን ጠበቀ። ጠበቀ። አልመጣም። አንድ ዓይኑን ገለጠና ወደ እግሩ አየ፤ ከዚያም ሁለተኛውን። ሙጬ አሁንም እንደጨመቀው ነው።

"ይቅር ብየሃለሁ" አለው፣ እየሳቀ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ። "ይቅር ብየሃለሁ። ግን እስቲ አንዴ ድገመኝ፣ ጠበቅ አድርገህ።"